ለንደን ላይ ሌባ ቤታችሁ እንዳይገባ፣ ከገባም ምን ማድረግ እንዳለባችሁ

ሥራዬ ቁልፍ መቀየርና የተሰበረ በር መጠገን ነው። ብዙ የሀበሻ ቤት ገብቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደወልልኝ ሌባው ከሄደ በኋላ ነው። መቃኑ ተሰንጥቆ፣ መሳቢያው ሁሉ አልጋ ላይ ተዘርግፎ አገኛለሁ። ሰዎቹ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ "እንዴት ገባ?" የሚል ነው። ሁለተኛውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ፦ "ቤት ውስጥ ብሆንና ብመታው ኖሮ እኔን ነበር የሚያስሩኝ?"

ለሁለቱም የማውቀውን ልጻፍ። ሕጉን የማወራው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ከበሩ እንጀምር። አብዛኛው ሌባ በበር ነው የሚገባው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በደንብ ባልተቆለፈ በር። እዚህ አገር በየቤቱ የምታዩት ነጩ የፕላስቲክ በር ሲዘጋ የተቆለፈ ይመስላል። ገና አልተቆለፈም። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሱት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ያሉት መንጠቆዎች መቃኑ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ቁልፉን ማዞር አለባችሁ። ካላዞራችሁት፣ ከውጭ የሚሠራ እጀታ ያለው በር ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ማታ ስንት ሰው እጀታውን ብቻ አንስቶ ወደ መኝታው ይሄዳል! ዛሬ ማታ ቤተሰቡን ሁሉ በሩ ጋ አቁማችሁ አሳዩ። እጀታ ወደ ላይ፣ ቁልፍ ዞር። ልጆችም ይልመዱት። ምንም አያስወጣም።

ቀጥሎ ሲሊንደሩን እዩ። ቁልፉ የሚገባበት ቁራጭ ብረት ማለቴ ነው። ከእጀታው ሳህን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጣ ብሎ ከሆነ ለሌባ መያዣ ሆኗል። ተራው ሲሊንደር መሃሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ ስላለው ደካማው እዚያ ጋ ነው። ሌባው በመቆንጠጫ ይዞ ይቀነጥሰዋል፤ ከዚያ በሩ በሰከንዶች ይከፈታል። የሚገዛው ቲኤስ 007 የሚለውን ደረጃ አሟልቶ ሦስት ኮከብ የታተመበት፣ ወይም ኤስኤስ 312 ዳይመንድ የሚባለው ነው። እነዚህ ሲሰበሩ የፊታቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ ዋናው ቦታውን አይለቅም። መግጠሙ አይከብድም። በበሩ ጠርዝ በኩል ያለችውን አንዲት ረጅም ብሎን ታወጣላችሁ፣ ቁልፉን ትንሽ ታዞራላችሁ፣ ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለኩ። ከብሎኗ ቀዳዳ መሃል እስከ ውጭ ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ውስጥ ጫፍ፣ ለየብቻ። ሁለቱ ወገን ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም፤ ረዥም ሲሊንደር ከገዛችሁ ደግሞ ያው ወጣ ብሎ ይቀራል።

የድሮ ቤት የእንጨት በር ያላችሁ ደግሞ ተስቦ ሲዘጋ ራሱ የሚቆለፈውን ቁልፍ ብቻ አትመኑ። እሱን በፕላስቲክ ካርድ የሚከፍቱ አሉ። ከታች በኩል በእንጨቱ ውስጥ የሚቀበር ባለ አምስት ሌቨር ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ፊቱ ላይ ቢኤስ 3621 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ኢንሹራንሶችም ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት እሱን ነው። ሌላም ልንገራችሁ። በእርግጫ የተገነጠለ የእንጨት በር ስጠግን ቁልፉ ራሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚሰነጠቀው መቃኑ ነው፣ ምክንያቱም የቁልፉ ምላስ የሚገባበት ብረት መቃኑ ላይ የተያዘው በአጫጭር ብሎኖች ነው። በረጃጅም ብሎን ቀይሩት። ለንደን ባር የሚባለውን ረጅም የብረት ዘንግ መቃኑ ላይ ካስገጠማችሁ ደግሞ በእርግጫ መክፈት በጣም ይከብዳል።

የደብዳቤ ቀዳዳውን አትርሱ። ሌባ በዚያ በኩል ሽቦ አስገብቶ ኮሪደር ላይ የተሰቀለ የመኪና ቁልፍ ያጠምዳል። ቁልፍ ከበሩ አጠገብ አታስቀምጡ። የቤቱን ቁልፍ ግን እሳት ቢነሳ ሁሉም ሰው በጨለማም ቢሆን የሚያገኘው አንድ ቦታ አድርጉት። ሌባ ፈርተን ራሳችንን ቤት ውስጥ መቆለፍ የለብንም።

የምትከራዩ ሰዎች ቁልፍ ከመቀየራችሁ በፊት አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ። የፍላት መግቢያ በር ብዙ ጊዜ እሳት የሚከላከል በር ስለሆነ በራሳችሁ አትብሱት። ቤት ተጋርታችሁ የምትኖሩ ደግሞ የክፍላችሁ ቁልፍ ከውስጥ በእጅ የሚዞር ይሁን፤ ቁልፍ ፈልጎ መውጣት በእሳት ጊዜ ሰው ያስጨርሳል። አዲስ ቤት ስትገቡ አከራዩ ሲሊንደሩን እንዲቀይር ጠይቁ። ከእናንተ በፊት የነበሩት ሰዎች ቁልፉን ለማን እንደሰጡ የሚያውቅ የለም።

አሁን የእኛን ቤት የሚለየውን ላንሳ። ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል።

አንደኛ ዕቁብ። ዕቁብ የወጣለት ሰው ብዙ ሺህ ፓውንድ በፖስታ ይዞ ቤቱ ይገባል። ማን እንደወጣለት ደግሞ አባላቱ ሁሉ፣ የአባላቱም ጓደኞች ያውቃሉ። የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ለጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው በጣም ትንሽ ነው፤ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። ዕቁባችሁን በባንክ ዝውውር አድርጉት። አይሆንም የሚል ዳኛ ካለ፣ ገንዘቡን በወሰዳችሁበት ቀን ወይም በማግስቱ ባንክ አስገቡ፤ ባንክ ከየት እንዳመጣችሁት ሊጠይቅ ስለሚችል ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት ወረቀት ይኑራችሁ።

ሁለተኛ ወርቅ። የእናት ሐብል፣ የሠርግ ቀለበት፣ የልጆች ክርስትና መስቀል። ሌባ ቤት እንደገባ ቀጥ ብሎ ወደ ዋናው መኝታ ቤት ነው የሚሄደው። ከፍራሽ ሥር፣ ካልሲ መሳቢያ፣ የሻንጣ ኪስ፣ የቁም ሳጥን አናት፤ ሁሉንም ያውቀዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ የምታደርጉትን ወርቅ ቤት አታስቀምጡ፤ ሴፍ ዲፖዚት ሳጥን የሚያከራዩ ድርጅቶች ለንደን ውስጥ አሉ። ቤት የሚቀረውን ደግሞ አንድ በአንድ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ኢንሹራንስ ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣውን ለይታችሁ ካላስመዘገባችሁ ካሳው አይሞላም። የአከራይ ኢንሹራንስ ግድግዳውን እንጂ የእናንተን ዕቃ አይሸፍንም። ተከራይም የራሱን መግዛት አለበት።

ሦስተኛ ቤታችሁ ባዶ የሚሆንበት ቀን አስቀድሞ መታወቁ። የገናና የፋሲካ ሌሊት ቤተሰቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለቅሶ ሲኖር አካባቢው ሁሉ ለቅሶ ቤት ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ደግሞ ሂትሮው ላይ ከሻንጣዎቹ ጋር ተነሥቶ ቲክቶክ ላይ ይለጥፈዋል። ፎቶውን ስትመለሱ ልጥፉት። መብራት በሰዓት የሚያበራ ማብሪያ ግዙ፤ በተለይ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስና ከሥራ ሳትገቡ ሲጨልም። ጎረቤታችሁን ሰላም በሉ። ደብዳቤ ከቀዳዳው ላይ የሚያነሳ፣ የቆሻሻ ጋሪውን የሚያስገባ ጎረቤት ከካሜራ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጋሪውን ደግሞ ከአጥሩ ሥር አታቁሙት፤ መወጣጫ ነው።

አራተኛ ቀን ቀን ብቻቸውን የሚውሉት እናትና አባቶቻችን። "የውሃ ድርጅት ነኝ፣ ቧንቧ ልይ" ብሎ የሚገባ ሌባ አለ። አንዱ እማማን ማድ ቤት ያቆያቸዋል፣ ሌላው ፎቅ ይወጣል። እንግሊዝኛ የማይችል ሽማግሌ ደግሞ እንግዳን በር ላይ ማቆም ነውር ይመስለዋል። ሰንሰለት አስገጥሙላቸው። ማንም ይሁን ማን ሰንሰለቱ ሳይወልቅ ለልጃቸው እንዲደውሉ አስለምዷቸው። እውነተኛ ሠራተኛ ይጠብቃል። የውሃና የመብራት ድርጅቶች ለአረጋውያን ልዩ መዝገብ አላቸው፤ እዚያ ካስመዘገባችኋቸው ሠራተኛው በር ላይ ሲደርስ የሚናገረውን የይለፍ ቃል አስቀድማችሁ መስማማት ትችላላችሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሌባ ሊመጣ ይችላል።

ከውጭ ስትመጡ በሩ ተሰብሮ ካያችሁ አትግቡ። ምናልባት ገና ውስጥ ነው። ራቅ ብላችሁ 999 ደውሉ።

ሌሊት ተኝታችሁ ከታች ኮቴ ከሰማችሁ ደግሞ ሁላችሁም አንድ ክፍል ተሰብሰቡ። በሩን ዝጉ፣ ኮሞዲኖም አልጋም ግፉበት። መስማታችሁን ያወቀ ሌባ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል፤ ስለዚህ ከክፍሉ ሆናችሁ "ፖሊስ ጠርተናል!" ብላችሁ ብትጮኹ ጥሩ ነው። ደረጃ ላይ ወርዳችሁ መንገዱን አትዝጉበት። ወደ በሩ የሚሮጥ ሌባ ይሂድ። መውጫ ያጣ ሰው ነው ስለት የሚመዘው።

999 ላይ መጀመሪያ አድራሻችሁን ተናገሩ፣ በተለይ ፖስት ኮዱን። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንደሚመጡ ያውቃሉ። ፖስት ኮዱን በትልቁ ጽፋችሁ የወላጆቻችሁ አልጋ አጠገብ ለጥፉላቸው። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው "ፖሊስ፣ በርግለር፣ አምሃሪክ" ይበል፤ ፖሊስ በስልክ አስተርጓሚ ማገናኘት ይችላል። መናገር ካልቻላችሁ፣ ሌባው ከሰማ የሚያሰጋችሁ ከሆነ፣ ከሞባይል 999 ደውላችሁ ስትጠየቁ 55ን ተጫኑ። ዝም ብሎ የሚደረግ ጥሪ ካልተጫናችሁ ሊቋረጥ ይችላል። 55 መጫን ግን ያላችሁበትን ቦታ በራሱ አይነግራቸውም፤ በሹክሹክታ ወይም ቁጥር በመጫን ጥያቄያቸውን መመለስ ይኖርባችኋል። ሌባው ከሄደ ቆይቶ ከሆነ፣ ማንም አደጋ ላይ ካልሆነ፣ 101 ነው።

አሁን ወደዚያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ወደሚጠየቀው ጥያቄ። ብዙ ሀበሻ "ሌባውን ከነካኸው አንተ ነህ የምትታሰረው" ብሎ ያምናል። ልክ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ሳላችሁ ሕጉ ከምታስቡት በላይ ከእናንተ ጋር ነው። ለራሳችሁ ወይም ለሌላ ሰው ፈርታችሁ ከሆነ ተመጣጣኝ ኃይል መጠቀም ትችላላችሁ። እስክትመቱ መጠበቅ የለባችሁም። በዚያ ሰዓት በእጃችሁ የገባውን ዕቃ መጠቀም ትችላላችሁ። በ2013 የወጣው ሕግ ደግሞ በራሱ ቤት ውስጥ ሰርሳሪ ለገጠመው ሰው ተጨማሪ ጥበቃ ሰጥቷል፤ በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ያደረገው ነገር ኋላ ሲታይ መጠኑን ያለፈ ቢመስልም፣ ከመጠን እጅግ ያለፈ እስካልሆነ ድረስ ሕጋዊ ሊባል ይችላል። ይህ ተጨማሪ ጥበቃ የሚሠራው ቤት ውስጥ ሲሆን ነው፣ ራስን ወይም ሌላ ሰውን ለመከላከል ሲሆን ነው። ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ወይም ለቴሌቪዥኑ ብቻ ብሎ አይሠራም።

ሁለት የታወቁ ጉዳዮች ልዩነቱን ያሳያሉ። በ1999 ኖርፎክ ውስጥ አንድ ገበሬ ቤቱ በገቡ ሌቦች ላይ ፈቃድ በሌለው ጠመንጃ ተኮሰ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከጀርባው ተመትቶ ሞተ። ገበሬው በ2000 በግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2001 ይግባኝ ሰሚው ዝቅ አድርጎለት አምስት ዓመት ተፈረደበት። በ2018 ደግሞ እዚሁ ለንደን፣ ሂተር ግሪን፣ የ78 ዓመት ሽማግሌ ስክሩድራይቨር ይዞ ከገባ ሌባ ጋር ማታ ቤታቸው ውስጥ ተያያዙ፤ ሌባው በስለት ተወግቶ ሞተ። ፖሊስ በመጀመሪያ ሽማግሌውን ያዛቸው። በቀናት ውስጥ ያለ ክስ ለቀቃቸው።

ከሁለተኛው አንድ ነገር ልብ በሉ። ትክክለኛ ሰውም ለጥያቄ ሊያዝ ይችላል። መያዝ ጥፋተኛ መባል አይደለም። ከተያዛችሁ "ጠበቃና አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ገቢያችሁም አይጠየቅም። እንግሊዝኛ እችላለሁ የምትሉም አስተርጓሚ ጠይቁ። ድንጋጤ ላይ ሆኖ በሰው ቋንቋ ቃል መስጠት አደገኛ ነው። ተናዳችሁ "ባገኘው እገድለው ነበር" አትበሉ። የሆነውንና የፈራችሁትን ተናገሩ፦ ጨለማ ነበር፣ እጁ ላይ የሆነ ነገር አየሁ፣ ልጆቼ ከኋላዬ ነበሩ።

ሕጉ የማያግዛችሁ የት እንደሆነም እወቁ። ሌባው ወድቆ መንቀሳቀስ ካቃተው በኋላ የምትጨምሩት ምት ራስን መከላከል አይደለም፣ ቅጣት ነው። ወደ ውጭ ሲሸሽ ማሳደድም ራስን መከላከል አይደለም። ዕቃችሁን ለማስመለስ ወይም ይዛችሁ ለፖሊስ ለማስረከብ ተመጣጣኝ ኃይል ይፈቀዳል፣ ግን በጨለማ መንገድ ላይ ስንት ሆነው እንደሚጠብቋችሁ አታውቁም። ለሌባ ወጥመድ መሥራት፣ ፖሊስ ሳይጠሩ አድብቶ መጠበቅ፣ ይሄ ሊያስከስሳችሁ ይችላል። ዜግነት ለሌለን ሰዎች ክሱ በዚያ አያበቃም። በ2007ቱ ሕግ 12 ወርና ከዚያ በላይ እስር የተፈረደበት የውጭ ዜጋ መባረር ይከተለዋል። ለአንድ ላፕቶፕ ብላችሁ የቆያችሁበትን ሁሉ አታጡ።

"አልጋ ሥር ቢላ ላስቀምጥ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ አላስቀምጥም፣ አታስቀምጡ እላለሁ። ሕጉ ተራ የማድ ቤት ቢላ ቤት ውስጥ እንዳይኖር አይከለክልም። ግን በጨለማ ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ቢላ ይዞ ሲወርድ፣ ቢላው ሊቀማ ይችላል። ደግሞ ከታች ያለው ኮቴ ውሃ ሊጠጣ የወረደ ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። ዓይን የሚያቃጥለው ስፕሬይና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ደግሞ እዚህ አገር ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው። በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ ነው የሚቆጠሩት፤ ቤት ውስጥ ብቻ ብታስቀምጡም ወንጀል ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ልኮላችሁ ከሆነ አይሆንም። በዚያ ፈንታ ኃይለኛ ድምፅ የሚያወጣ የኪስ ማንቂያ፣ አልጋ አጠገብ ባትሪ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ መኝታ ቤት በር ላይ ከውስጥ የሚዞር መቀርቀሪያ። የመኝታ ቤቱ መቀርቀሪያ ፖሊስ እስኪደርስ ጊዜ ይገዛላችኋል፤ ብዙ ሰው ግን የውጭውን በር አጠናክሮ እሱን ይረሳዋል።

ሌባው ከሄደ በኋላ ምንም አትንኩ፣ አትጥረጉ። አውቃለሁ፣ እናቶቻችን የመጀመሪያ ሥራቸው መጥረጊያ ማንሳት ነው። ፎቶ አንሱና ጠብቁ። ከ2022 ጀምሮ የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊሶች የቤት ስርቆት ሲደርስ ቤቱ ድረስ ለመምጣት ቃል ገብተዋል፤ "መቼ ትመጣላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የወንጀሉን መለያ ቁጥር ተቀበሉ፣ ያለሱ ኢንሹራንስ አይሰማችሁም። ካርዶቻችሁን ዝጉ። የተሰረቀ ስልክ እንዳይሠራ ለማዘጋት የስልኩ ባለ 15 አኃዝ መለያ ያስፈልጋል። እሱን አሁን፣ ስልኩ በእጃችሁ እያለ፣ *#06# ብላችሁ አይታችሁ ጻፉት። ፓስፖርት ከተወሰደ የፖሊሱን ቁጥር ይዛችሁ ለንደን ያለው ኤምባሲያችን ሂዱ። ወረቀታቸው ያላለቀ ሰዎች ፖሊስ መጥራት ይፈራሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን 999 ይቅደም፣ ለቀሪው ጉዳይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ቪክቲምስ ኮድ በሚባለው የወንጀል ተጎጂዎች መብት ደንብ መሠረት የተጎዳ ሰው የመጀመሪያ መብቱ የሚባለውን መረዳትና የራሱን ማስረዳት መቻል ነው፤ አስተርጓሚም በዚህ ውስጥ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው፣ ብቻዋን ቤት መዋል የፈራች እናት፣ ቪክቲም ሰፖርት የሚባለው ድርጅት ጋ ይደውሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ለፖሊስ ያመለከተም ያላመለከተም ይስተናገዳል።

በሩን ግን ፖሊስ እንዳየው በዚያው ቀን አሠሩ። አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና ሊሰረቅ ይችላል። ሌባው መንገዱን አውቆታል፣ ኢንሹራንሱ አዲስ ቴሌቪዥንና አዲስ ላፕቶፕ እንደሚተካም ያውቃል። ቁልፍ ከጠፋ ሲሊንደሩን ቀይሩ፣ መቃኑን በረጅም ብሎን አጠናክሩ። አዲሱ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ ካርቶኑን ቆራርጣችሁ፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ጣሉት እንጂ እንዳለ በር ላይ አታቁሙት።